እናቶቻችን ሲያስተምሩ፣ እኛ ስንማር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በወጣቶች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በዚህ ዓመት በሰፈራችን ማትናስ ዘወትር ማክሰኞ ማታ ስላካሄድነው የእናቶች የጥልፍና የፈትል ዝግጅት ነው። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ መርፌና ክር፣ ቡናና ጨዋታ። እኛም ስንጀምር ያሰብነው ከዚህ የራቀ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ የተማርነው እኛው ነን።

ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እናንሳ። አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የወላጆቻችን አስተርጓሚ ሆነን ነው ያደግነው። ሐኪም ቤት እኛ፣ ባንክ እኛ፣ ደብዳቤ ሲመጣ እኛ። በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ እንኳ መምህሯ ስለ እኛ የምትለውን ለእናታችን የምንተረጉመው እኛው ነበርን። እንዴት አድርገን እንደተረጎምነው እግዚአብሔር ይወቀው! ያስቃል፤ ግን በዚህ መካከል አንድ ነገር ተበላሽቷል። በአገሯ ቤት ስታስተዳድር፣ ልጅ ስታሳድግ፣ ሰው ስትመክር የኖረች እናት እዚህ በልጇ አፍ የምትናገር ሆነች። ቀስ በቀስ ዝም አለች። እኛም ዝምታዋን እንደ አለማወቅ ቆጠርነው።

ዝግጅቱን ስንጀምር ይህንኑ ስህተት ደገምነው። አበባ የታተመበት ጨርቅ ከሱቅ ገዛን። በዕብራይስጥ የምታስረዳ አስተማሪ ጋበዝን። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ለመተርጎም አጠገባቸው ተቀመጥን። ሰባት እናቶች መጡ። በትሕትና ተቀምጠው የተባሉትን ጠለፉ። "እንዴት ነው?" ስንላቸው "ጥሩ ነው ልጆቼ፣ ተባረኩ" አሉን። በሦስተኛው ሳምንት የመጡት አራት ብቻ ነበሩ።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከቦርሳቸው እንዝርትና ባዘቶ ጥጥ አወጡና "እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው" ብለው መፍተል ጀመሩ። ከእኛ አንዷ "እኔም ልሞክር?" አለች። ክሩ ተበጠሰ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተበጠሰ። እናቶች ሁሉ ከልባቸው ሳቁ። "አይ ልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ! ጥጡን አታንቂው!" እያሉ ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት። ያን ቀን አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱን ገለበጥነው። አስተማሪዎቹ እናቶች፣ ተማሪዎቹ እኛ ሆንን። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው እንዴት እንደሚወጣ፣ በደጋን ተነድፎ እንዴት ባዘቶ እንደሚሆን አሳዩን። ለድር የሚሆነው ፈትል ጠንከር ብሎ መክረር አለበት፤ ለማግ የሚሆነው ላላ ቢል ግድ የለም። በአገር ቤት መፍተል የሴቶች፣ መሸመን የወንዶች ሥራ ስለነበር አንድ ነጠላ በሁለቱም እጅ ሳያልፍ አያልቅም ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ሰንደዶና አክርማ ተለቅሞ፣ አለላው ቀለም ገብቶ፣ በወስፌ መሶብ እንዴት እንደሚሰፋ አጫወቱን። ጥልፉንም ቢሆን አንዳንዶቹ ወደዚህ ለመምጣት በአዲስ አበባና በጎንደር ሲጠባበቁ በኖሩባቸው ዓመታት ሠርተውበታል፤ ልጆቻቸውንም በእሱ አሳድገዋል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ጠይቀናቸው አናውቅማ!

ቀጥለን "የምታስታውሱትን ጥለፉ" አልናቸው። የሣር ቤት፣ ወንዝ፣ ውሃ የተሸከመች ልጅ፣ የሰንበት ዳቦ ወጣ። በሱዳን በኩል የመጡ አንዲት እናት መንገዱን ጠለፉ። ተራራ አለ፤ በሌሊት የሚጓዙ ሰዎች አሉ፤ ከዛፍ ሥር የተኛች አንዲት ልጅ አለች። ሴት ልጃቸው "እማ፣ ይህቺ ማናት?" አለቻቸው። "እህቴ ናት። እዚያው ቀረች" አሉና ስሟን ነገሯት። ልጅቷ አክስት እንደነበረቻት ያን ቀን ሰማች። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ላይ እንሰማለን። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቤታችን የቀሩትን ስሞች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ለሲግድ ሰሞን ሥራዎቹን በማትናሱ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንግዶች ጠራን። መጀመሪያ ላይ "እኔ ምን አውቃለሁ" ይሉን የነበሩ እናት ከጥልፋቸው አጠገብ ቆመው ነበር። አንድ እንግዳ በዕብራይስጥ ሲጠይቃቸው ከእኛ አንዷ ለመተርጎም ተነሣች። እሳቸው በእጃቸው "ተቀመጪ" አሏት። በምትገኘው ዕብራይስጥ፣ ስትጎድልም በአማርኛ እየሞሉ፣ ሁሉንም ራሳቸው አስረዱት። እንግዳው ጥልፉን በትንሽ ገንዘብ ልግዛ ሲላቸውም "ስንት ሳምንት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ?" አሉት። ዋጋውንም ራሳቸው ተናገሩ።

ጥልፍ ሁሉን ነገር ይፈታል አንልም። የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ በየቢሮው ያለውን ወረፋ አያሳጥርም። ነገር ግን ዝም ብላ የኖረች እናት ስትናገር አይተናል። ማክሰኞ ያልመጣች እናት ካለች ሌሎቹ ረቡዕ ጠዋት ደውለው "ምነው፣ ደህና ነሽ?" ይሏታል። ብቻዋን በአፓርታማ ለምትውል እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዝግጅቱ በሚቀጥለው ዓመትም ይቀጥል፤ እናቶችም እንደማንኛውም አስተማሪ የድካማቸው ዋጋ ይከፈላቸው። ሁለተኛ፣ ሥራቸው በሚታይበት ቦታ ሁሉ የሠራችው እናት ስም ይጻፍ፤ "የኢትዮጵያ ጥልፍ" ብቻ ተብሎ አይለፍ። ሦስተኛው ለእኛ ለወጣቶች ነው። ለመተርጎም ሳይሆን ለመማር አጠገባቸው እንቀመጥ። ወንዶችም ኑ፤ ሸማኔዎቹ አባቶቻችን እንደነበሩ አትርሱ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላሉ አባቶቻችን። ድሩን ግን ቀድማ የምትፈትል እናት እንዳለች እንወቅ።

እናቶቻችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሻሎም!