ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ይቀራል?

 

ተመራቂ ልጆቼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ኋላ ዞር በሉና ወላጆቻችሁን እዩአቸው። ከሆመቾ፣ ከሾኔ፣ ከጃጁራ፣ ከአንጋጫ፣ ከሺንሺቾ፣ ከዱራሜ ሌሊት ተነስተው ሆሳዕና የደረሱ አሉ። ለደብተር፣ ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርት ሲባል ምን እንደተሸጠ፣ ከማንስ እንደተበደሩ ለእናንተ ሁሉን አልነገሯችሁም። ካባውን የለበሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዕዳውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። እስቲ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለወላጆቻችሁ!

አመሰግናለሁ።

ከእናንተ መካከል የተወሰናችሁ የድሃ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ለሁለት ዓመት ለማስተማር ስማችሁን አስመዝግባችኋል። ፌሎውሺፕ ይሉታል። “ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ መልሰህ ገጠር?” ያለ አጎት በየቤታችሁ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አይፈረድበትም። የመምህር ደመወዝ ወር እንደማያደርስ ያውቃል። በዚህ አካባቢ መምህራን ደመወዛቸው ሳይደርሳቸው የቆዩባቸውን ወራትም አይረሳም። ይህን ሁሉ እየሰማችሁ መመዝገባችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ላሞግሳችሁ ብቻ አልመጣሁም፤ ትንሽ ላስቸግራችሁም ነው።

የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሄዶ የሚመለስ መምህር ሥራው የሚመዘነው እሱ ከሄደ በኋላ በሚቀጥለው ነገር ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ስትረግጡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ “እኔ ምን ላድርግ?” አይሁን። “እኔ ስሄድ እዚህ የሚቀረው ማን ነው?” በሉ። ያን ሰው አግኙና ከጎኑ ተሰለፉ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዚህ መንገድ የሄዳችሁ የመጀመሪያዎቹ እናንተ አይደላችሁም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በ1957 የትምህርት ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ “የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት” የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ሦስተኛ ዓመቱን የጨረሰ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተገደደ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። ዘመቻው በሂደት ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሀዲይሳና ከምባቲሳ ነበሩ። ያኔ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ከብዙዎቻችሁ አያቶች መካከል ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው በዚያ ዘመቻ የሆነ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ሁሉ ምን ቀረ? ወጣቶቹ ብዙ ተምረው ተመለሱ። አዲስ አበባ ተቀምጠው በወሬ የሚያውቁትን ጭሰኛ በዓይናቸው አዩት፤ የአገራቸውን ስፋትና ድህነት በእግራቸው ለኩት። ያ ዓመት ለእነሱ ትልቅ ትምህርት ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን መስከረም ላይ አዲስ ፊት ይቀበላል፣ ሰኔ ላይ ይሸኛል። አንዱ የጀመረውን ቀጣዩ አያውቀውም። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከቻሉት ጎልማሶችም የሚያነቡት ነገር ያላገኙት ቀስ በቀስ ረሱት። ዘማቹ አልለገመም። ሲሄድ ሥራውን የሚረከበው አልነበረም።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው ይኸው ነው። ዌንዲ ኮፕ የተባለች አሜሪካዊት ተማሪ በ1989 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ጎበዝ ተመራቂዎች ለሁለት ዓመት የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት ያስተምሩ የሚል ሐሳብ አቀረበች። በዓመቱ ቲች ፎር አሜሪካ ሥራ ጀመረ። በ2007 እ.ኤ.አ. ቲች ፎር ኦል የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ ተመሠረተ፤ በእኛም አገር ቲች ፎር ኢትዮጵያ አለ። እዚያም ሆነ እዚህ ከወዳጅም ከተቺም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ “በሁለት ዓመት ገና ሥራውን ሲለምደው ሄደ፤ ልጆቹስ ማን አላቸው?” ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ አለን። ቦጋለች ገብሬ፣ ብዙዎቻችሁ ቦጌ ብላችሁ የምታውቋት፣ የከምባታ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መሄዷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ውሃ ልቀዳ ብላ እየወጣች ተደብቃ ፊደል ቆጠረች። ኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ ተማረች፤ አሜሪካ ገባች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ከምባታ ተመልሳ ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን በመታገሏ ዓለም አወቃት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀበለች። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፈች።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን የሥራዋ አጀማመር ነው። ስለ ኤች አይ ቪ ልታወያያቸው የሄደችበት አካባቢ ሽማግሌዎች አስቀድመው የነገሯት ሌላ ችግር ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰዎች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ የለንም አሏት። ድልድዩ ከአካባቢው ሰው ጋር ተሠራ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ሰሟት። ከዚያ በፊት የማይነሳ ነገር መወራት የጀመረው፣ በኋላም በየመንደሩ የማኅበረሰብ ውይይት የተተከለው እንዲህ ነው። ውይይቱን የሚመሩት የመንደሩ ሰዎች ስለነበሩ ቦጌ ባትኖርም ይካሄድ ነበር። የማይክሮባዮሎጂ ምሁሯ ድልድይ ልሥራ ብላ አልተነሳችም፤ ጠየቀች፣ ሰማች፣ ከሚቀሩት ሰዎች ጋር ሠራች።

እናንተም እንደዚሁ የምትሰሙት ሰው አላችሁ። በየትምህርት ቤቱ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ዕድሜዋን በሙሉ ያስተማረች አንዲት መምህርት አለች። ዲፕሎማ ይሆናል ያላት። እጇ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። የማን ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የማን ልጅ በገበያ ቀን እንደሚቀር፣ የማን አባት ከወጣ እንዳልተመለሰ ታውቃለች። እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ ስትመጡ ትንሽ ትሸማቀቅ ይሆናል። እባካችሁ አታሸማቅቋት።

ለምን እንደምትፈልጓት አንድ ነገር ከቅርብ ላሳያችሁ። ሀዲይሳም ከምባቲሳም ዛሬ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ “ኤክስ” የምንለው ምልክት የሚነበበው “ጥ” ተብሎ ነው። ልጁ “ጡማ” ብሎ ሰላምታ ሲጽፍ በዚያ ምልክት ይጀምራል። አማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ያው ድምፅ በግዕዝ ፊደል ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ሲመጣ ደግሞ ያ የሚያውቀው ምልክት ተመልሶ ይመጣል፤ ድምፁ ግን ተለውጧል። መምህሩ ስድስት ቁጥርን በእንግሊዝኛ ጽፎ “አንብብ” ሲለው ልጁ “ሲጥ” ይላል። ክፍሉ ይስቃል። ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን አያወጣም።

ይህ ልጅ ሰነፍ ነው? የተማረውን በትክክል ነው ያነበበው። አዲሱ መምህር ይህን ካላወቀ “ደካማ” ብሎ ይመዘግበዋል። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ግን ገና ሲናገር ምን እንደሆነ ይገባታል። “ልክ ነህ፤ በሀዲይሳ ‘ጥ’ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ‘ክስ’ ይሉታል፤ እስቲ ሁለታችንም እንበለው” ትለዋለች። እሷን የሚያስንቅ የትኛው ዲግሪ ነው? ከእሷ ይህን ተማሩ። እናንተ ደግሞ በበኩላችሁ ያወቀችውን በወረቀት አስፍሩላት። እንዲህ ያሉ መሰናክሎችን አንድ በአንድ ለቅማችሁ፣ ከየመልመጃቸው ጋር ለሚቀጥለው መምህር የሚሆን ቀጭን መመሪያ አብራችሁ አዘጋጁ። ያ መመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ከቀረ አንድ ነገር ሠራችሁ ማለት ነው።

ይህን የምለው በትንሽ ነገር ላይ ለመጨቃጨቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት ሁላችንንም አስደንግጧል። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ አለ። በየዓመቱ ውጤቱ በተነገረ ሰሞን ስለ 12ኛ ክፍል እናወራለን። ያ ልጅ ግን እጁን ማውጣት ያቆመው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው ፈተናው ላይ የደረሰው።

ዝም ያለው ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ስትዘዋወሩ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶችን ታያላችሁ። ልጁም ያያል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ የሚያልፈውን መንገድ ከጂኦግራፊ መምህሩ ይበልጥ ያውቀዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ይህንንም ሰምቷል። ሰምቶም ይሄዳል። “ስደት መጥፎ ነው” የሚል ስብከት አያስቆመውም፤ ወንድሙ የላከው ብር ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሷልና። የሚሄደውን ሁሉ ማስቀረት አትችሉም፤ እንዲህ ብዬም አላስጨንቃችሁም። ነገር ግን ማንበብ፣ ማስላት፣ ውል ላይ የተጻፈውን መረዳት የሚችል ወጣት እዚህ ቢቀርም ቢሄድም የሚመርጠው ነገር ይኖረዋል። ደላላ የሚመርጥለት ማንበብ ላልቻለው ነው።

አሁን ደግሞ ክቡራን ኃላፊዎች፣ ፊታችሁ ቆሜ አንድ ነገር ብል እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እነዚህ ወጣቶች የመምህር እጥረት መሸፈኛ ጨርቅ እንዳይሆኑ አደራ። አንድ ፌሎው ተመድቧልና ቋሚ መምህር አያስፈልግም ከተባለ ልጆቹን ጎድተናል። የሚቀረው መምህር ደመወዙ በቀኑ ይድረሰው። መጽሐፉ ለተማሪው ሁሉ ይዳረስ። ወጣቶቹን በደስታ የምንቀበላቸው ቤቱን ባለቤቶቹ ሲጠብቁት ነው።

ተመራቂዎች ሆይ፣ እናንተም ዕቅዳችሁን ልክ ስጡት። ያደጋችሁት በእንሰት አገር ነው፤ በሁለት ዓመት የሚደርስ እንሰት እንደሌለ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ችግኙን ያፈላው አንዱ ነው፣ ነቅሎ ያዛወረው ሌላው ነው፣ ሲደርስ የሚፍቁት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ማዛወሩን ያበላሸ ግን ሁሉንም አበላሸ። የእናንተ ተራ ማዛወሩ ነው፤ በደንብ አዛውሩት።

ሥራ ስትገቡ ይህን አድርጉ። በመጀመሪያው ወር ከማስተማራችሁ ይልቅ ሌሎች ሲያስተምሩ ማየታችሁ ይብዛ። የትምህርት ዕቅዳችሁን ብቻችሁን አታውጡ፤ ከአንድ ነባር መምህር ጋር አውጡ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ኋላ ተቀመጡና ስሙ፤ ቆጮ ሲቀርብላችሁም ብሉ። ማጠናከሪያ ትምህርት የምትጀምሩ ከሆነ እናንተ በሌላችሁበት ቅዳሜ ሊመራው የሚችል ሰው ከጎናችሁ ይኑር። በሁለተኛው ዓመት ወደ ኋላ ሸርተት በሉና እሱ ይምራው። ልትሄዱ ስትሉ “ያለ እናንተ ምን ይውጠን!” ቢሏችሁ ደስ አይበላችሁ። “ሂዱ፣ እኛ እንቀጥላለን” ካሏችሁ ግን አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ውጡ። ሥራው ደልቷችሁ እዚያው መምህር ሆናችሁ ብትቀሩ ደግሞ እሰየው፤ ያን አጎታችሁን እኔ አነጋግራለሁ።

ባንክ፣ ሆስፒታል፣ እርሻ፣ የግል ሥራ የምትገቡትም ከዚህ ነገር ነፃ አይደላችሁም። የተማራችሁበት ትምህርት ቤት የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በሩን አንኳኩና የሚቀሩትን መምህራን ምን እንደጎደላቸው ጠይቋቸው።

እንግዲህ እንደ አገራችን ወግ መርቄ ልቀመጥ። የሄዳችሁበት ይቅናችሁ። ጠመኔ የያዘ እጃችሁ ይባረክ። ያስተማራችኋቸው ይብለጧችሁ። የተከላችሁት ይጽደቅ፤ ሌላው ያጠጣው፣ ሌላውም ፍሬውን ይብላው። ወላጆቻችሁ የልፋታቸውን ዋጋ በእናንተ ይዩ። ለሀዲያ፣ ለከምባታ፣ ለመላው አገራችን ሰላም ይስጥልን።

መልካም የሥራ ዘመን!