ከመሬት እስከ ዱላ፤ የታችኛው አካልና የጎልፍ ምት



የጎልፍ ኳስ ሲመታ ተመልካች የሚያየው ክንድንና ዱላን ነው። ኃይሉ ግን የሚነሣው ከታች ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ መሬቱን በእግሩ ሲገፋ መሬቱም መልሶ ይገፋዋል። ይህ ግፊት በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በዳሌ አልፎ ወደ ደረትና ክንድ ይተላለፋል። ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ በቀኝ የሚመታ ሰው የግራ ዳሌው እንደሚገባ ባይዞርለት ምን ይሆናል? ዱላው መዞሩን አይተውም፤ የጎደለውን ዙር የታችኛው ወገብ እንዲሞላ ይገደዳል። የወገብ አንጓዎች ደግሞ ይታጠፋሉ እንጂ እምብዛም አይጠማዘዙም። ምቱም ይጣመማል፤ ወገብም ይታመማል። ይህን ያላስተዋለ አሠልጣኝ «ክንድህን አስተካክል» ይላል፤ መሠረቱ ሰምጦ ሳለ ጣራ እንደ መጠገን ያለ ሥራ ነው!

የተጎዳ እግር ከቶ ድል አያስገኝም ማለት ግን አይደለም። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ፣ በቶሪ ፓይንስ ሜዳ የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ የግራ ቅልጥሙም በሁለት ስፍራ ተሰንጥቆ ሳለ ነው። በዚህ እግር 91 ቀዳዳዎች ተጫወተ። በምቱ ፍጻሜ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በዚሁ በግራ እግር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ከሳምንት ያህል በኋላ በቀዶ ሕክምና ጉልበቱ ተጠገነ፤ የዓመቱ ቀሪ ውድድርም አመለጠው።

ዳሌው ለማይዞርለት ተራ ተጫዋች ቀላሉ ዘዴ የግራ እግሩን ጣቶች ኳሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ጥቂት ገልጦ መቆም ነው፤ ከዳሌው የሚፈለገው ዙር በዚያው ልክ ይቀንሳል።