ቁመቱን ተዉትና፣ ማንን ይይዛል?

 ለዛሬ ያዘጋጀሁት ስለ ጉልበት ጉዳት ነበር፤ እሱን ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየው። የኮሌጆቹ የመጋቢት ውድድር ካለቀ ወዲህ የሚደወልልኝ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነው። የሰኔው የኤንቢኤ ድራፍት፣ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ቀን፣ ሲቃረብ በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉልኝ አንድ አባት ደግሞ የሁላችሁንም ጥያቄ ጠቅልለው አቀረቡት። ልጃቸው ኮሌጅ ውስጥ በሴንተርነት ይጫወታል፤ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ከቀለበቱ ሥር ኳስ ከደረሰው የሚያቆመው የለም፣ ሪባውንዱንም እየለቀመ ይወስደዋል። ቁመቱ 6 ፊት ከ7 ኢንች ነው፤ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም መሆኑ ነው። «ቤታችን በየበሩ ጎንበስ እያለ ነው የሚገባው፤ የኤንቢኤ ሰዎች ግን አጭር ነው ይሉታል። እንዴት ነው ነገሩ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንቢኤ ውስጥ በሴንተርነት የሚሰለፉት አብዛኞቹ ከ2 ሜትር ከ8 ሳንቲም በላይ ናቸው። ዌምባንያማን የመሰለ ከ2 ሜትር ከ20 የሚያልፍም አለ። እነሱ መሃል ሲቆም ልጅዎ አጭር ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እኔ ግን ቡድን ብመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁመቱን አይደለም። ማንን ይይዛል? ተጋጣሚው ኳስ ይዞ ሲመጣ ይህ ልጅ በማን ፊት ይቆማል? ይህን ጥያቄ ዛሬ ደጋግሜ አነሳዋለሁ፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ብናገረውም እናንተ የምትነግሩኝ ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረ ብቻ ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ እዚሁ ደጃችን አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው። እዚህ አካባቢ ብዙ የቆያችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር ላይ ካፒታል ሴንተር የሚባል አዳራሽ ነበር፣ በ2002 ፈርሷል። የዛሬዎቹ ዊዛርድስ ቡሌትስ በሚባሉበት ዘመን የሚጫወቱት እዚያ ነበር። የቡሌትስ ሴንተር ዌስ አንሰልድ ይባላል። ቁመቱ ስንት ነበር? 2 ሜትር ከ1። ከጋሼ ልጅ ጋር እኩል ማለት ነው።

አንሰልድ ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1968 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ቡድኑ ያኔ ባልቲሞር ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ያሸነፈው 36 ጨዋታ ብቻ ነው። አንሰልድ በገባበት ዓመት 57 አሸነፈ። ልጁ በአማካይ 18 ሪባውንድ እየወሰደ በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪም፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ሁለቱን ሽልማት በአንድ ዓመት የወሰዱት ዊልት ቻምበርሌንና እሱ ብቻ ናቸው። በ1978 ደግሞ ቡድኑ ሲያትልን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር።

እንዴት ቻለ? እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው። ሪባውንድ ከፍ ብሎ የሚዘል ሰው ሥራ ይመስላችኋል። ኳሱ ቀለበቱን መትቶ ሲመለስ አየር ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ወሳኙ መሬት ላይ ማን የትኛውን ቦታ እንደያዘ ነው። አንሰልድ ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ወገቡ ሰፊ፣ እግሩ ጠንካራ ሰው ነበር። ኳሱ ገና ከወርዋሪው እጅ ሳይወጣ ጀርባውን ለባላንጣው ሰጥቶ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። የ2 ሜትር ከ18ቱ ካሪም አብዱልጀባር ከኋላው ቢዘል ምን ያደርጋል? ኳሱን ከያዘ በኋላ የሚሠራው ደግሞ ይበልጣል። እግሩ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይዞርና በሁለት እጁ ወደ ሜዳው አጋማሽ ይልከዋል። ጓደኞቹ እየሮጡ ይቀበሉታል፣ ተጋጣሚው ገና ሳይመለስ ነጥብ ተቆጥሯል። ረጅም ባይሆንም ቡድኑን የሚያስሮጠው እሱ ነበር። ፊልሙን ፈልጋችሁ ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፤ ዛሬም እንደዚያ የሚያቀብል ሴንተር ብዙ አላየሁም።

አሁን አንሰልድን ስለጠቀስኩ «እንግዲያውስ የኔም ልጅ ይችላል» ብላችሁ ስልክ እንዳታነሱ። ዘመኑ ተቀይሯል። አንሰልድ በገባበት ጊዜ ኤንቢኤ ውስጥ የሦስት ነጥብ መስመር እንኳ አልነበረም፤ የመጣው በ1979 ነው። ዛሬ ሴንተሩ ራሱ ከ7 ሜትር ርቀት ይወረውራል፣ የሚይዘውም ሰው እስከዚያ ድረስ ተከትሎት መውጣት አለበት።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በኮሌጅና በኤንቢኤ መካከል ሕጉም ሜዳውም ይለያያል። ከቀለበቱ ፊት ያለው ቀለም የተቀባው ሳጥን ኮሌጅ ላይ 3 ሜትር ከ66 ይሰፋል፣ ኤንቢኤ ላይ 4 ሜትር ከ88። ኮሌጅ ላይ ተከላካዩ ሳጥኑ ውስጥ እስከፈለገ ድረስ መቆም ይችላል። ኤንቢኤ ላይ ከ2001 ጀምሮ በቅርብ የሚይዘው ሰው ሳይኖር ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆመ ይቀጣል። እግሩ ፈጣን ያልሆነ የኮሌጅ ሴንተር ሳጥኑ ውስጥ ተሸሽጎ አራት ዓመት ሊያሳልፍ ይችላል፤ ኤንቢኤ ላይ ግን መሸሸጊያ የለውም። ተጋጣሚዎቹ ፈልገው ያገኙታል። በስክሪን፣ ማለትም በቆመ ሰው መንገድ ዘግተው፣ የሚይዘውን ሰው ያስቀይሩትና ፈጣኑ ጋርድ ፊት ለፊት ብቻውን ያስቀሩታል፤ ይህንኑ ጨዋታውን ሙሉ ይደጋግሙበታል። በየጨዋታው 20 ነጥብ ያስቆጠረ ልጅ ሳይመረጥ የሚቀረው በዚህ ነው። ማንን ይይዛል? ረጅሙን ለመያዝ ቁመት አነሰው፣ ፈጣኑን ለመያዝ እግር አነሰው።

የ2009ን ድራፍት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። የምሥራቅ አፍሪካው ልጅ፣ የዳሬሰላሙ ሐሺም ታቢት፣ 2 ሜትር ከ21 ሆኖ ለኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ይጫወት ነበር። የፒትስበርጉ ደዋን ብሌር ግን 2 ሜትር ከ1 ነው። በዚያው የካቲት ሁለቱ ሲገናኙ ብሌር 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ ይዞ ወጣ፤ ኮኔቲከት በወቅቱ የአገሪቱ አንደኛ ቡድን ነበር። የሊጋቸውን ምርጥ ተጫዋችነት እኩል ተካፈሉ። ሰኔ ላይ ግን ታቢት ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ጄምስ ሃርደን ሦስተኛ፣ ስቴፈን ከሪ ሰባተኛ በሆኑበት ድራፍት። ብሌር እስከ 37ኛ ቆየ። ቁመቱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ውስጥ መኖር ያለበት ጅማት አልነበረም።

ከዚያስ? ታቢት በ2014 ከኤንቢኤ ወጣ። ብሌር በሳን አንቶኒዮ በመጀመሪያ ዓመቱ 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ፤ በጥር 2010 ኦክላሆማ ላይ 28 ነጥብና 21 ሪባውንድ አስመዘገበ። ሰባት ዓመት በሊጉ ቆየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ፕሌይኦፍ ሲመጣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ምክንያቱም በሰባት ጨዋታ ተጋጣሚው ድክመትህን ያጠናዋል። ማንን ይይዛል ለሚለው ጥያቄ ብሌር ሙሉ መልስ አልነበረውም።

መልስ የነበረው ድሬይመንድ ግሪን ነው። ሚሺጋን ስቴት አራት ዓመት ተምሮ በ2012 በሁለተኛው ዙር 35ኛ ሆኖ ተመረጠ። ያለ ጫማ 2 ሜትር አይሞላም። ክንዱ ተዘርግቶ ሲለካ ግን 2 ሜትር ከ16 ገደማ ነው። ጋርዱንም ይይዛል፣ ሴንተሩንም ይይዛል፣ ኳሱንም ያቀብላል። በ2015 ፍጻሜ ጎልደን ስቴት ረጅሙን ቦገትን አስቀምጦ ግሪንን በሴንተርነት ሲያሰልፍ ውጤቱ ተቀየረ፣ ሻምፒዮን ሆኑ። በ2017 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ስለ ግሪን ስታወሩ ታዲያ ክንዱንና አእምሮውን አብራችሁ ቁጠሩ፤ «እሱም አጭር ነው» ብላችሁ አትለፉት።

እዚህ ላይ ወላጆችን ልቆጣ። ቅጽ ላይ የልጃችሁን ቁመት ከነጫማው፣ አልፎም ሁለት ሳንቲም ጨምራችሁ የምትሞሉ አላችሁ። ለምን? ኤንቢኤ ራሱ ከ2019 ጀምሮ ቡድኖች የተጫዋቾቻቸውን ቁመት ያለ ጫማ ለክተው እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ልጁ በባዶ እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ይለካል፣ የጨመራችሁት ሁሉ እዚያው ይጋለጣል። ልጁም ያልሆነውን ሰው ሆኖ ሲጫወት ይኖራል።

የማውቀው አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ከእኩዮቹ ሁሉ ረጅም ስለነበር የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ከቀለበቱ ሥር እንዳይወጣ፣ ከሩቅ እንዳይወረውር ከለከለው። ትምህርት ቤቱ አሸነፈበት። አባትየውም ደስ አላቸው፣ ዋንጫ እየመጣ ማን ይከፋዋል? ልጁ 1 ሜትር ከ96 ላይ እድገቱን አቆመ። ኮሌጅ ሲገባ ከእሱ የሚረዝሙ አምስት ልጆች አገኘ። ኳስ ማንጠር አያውቅ፣ የቅጣት ውርወራ አያገባ፣ ጋርድ መያዝ ተምሮ አያውቅ። ያንን ሁሉ በ19 ዓመቱ ከዜሮ ጀመረ፣ አልደረሰበትም። በዚያ ልጅ ላይ የደረሰው ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጃችሁ ዛሬ ከጓደኞቹ ስለረዘመ ብቻ ሴንተር አታድርጉት። ሁሉንም ይማር።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ግን ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጡ ልጆች ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ይህንንም ማለት አለብኝ። የኮንጎው ልጅ የሉቡምባሺው ኦስካር ሺብዌ በ2022 ለኬንታኪ እየተጫወተ የአገሪቱ የኮሌጅ ኮከብ ተባለ፣ በየጨዋታው በአማካይ 15 ሪባውንድ እየወሰደ። በ2023 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ኢንዲያና በዋናው ቡድንና በልማት ሊጉ መካከል እየተመላለሰ የሚጫወትበትን ውል ሰጠው። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ የተማሪ ቪዛ ግን አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አያሠራም። ሺብዌ ውሎቹን የሠራው ቡድኑ በ2022 ባሃማስ በሄደ ጊዜ ነው። ስለዚህ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ልጆች፣ ማንም ሰው ውል ይዞ ቢመጣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ አትፈርሙ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ላይ ይህ ችግር የለም።

ገንዘቡን ካነሳን ደግሞ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ጀምረዋል። ጥሩ የኮሌጅ ሴንተር አንድ ዓመት ቢቆይ ሺብዌ ካገኘው ዓይነት ውል የሚበልጥ ሊያገኝ ይችላል። «ቶሎ ይውጣ» የሚላችሁ ወኪል ካለ ይህን ንገሩት።

ኤንቢኤ በር ዘግቶበት የተመለሰም አለ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ፒ ጄ ተከር 1 ሜትር ከ96 ነው። በ2006 ቶሮንቶ መረጠው፣ ብዙም ሳያጫውት ለቀቀው። ወደ እስራኤል ሄደ፤ እስራኤል ያላችሁ አድማጮች ሃፖኤል ሆሎን በ2008 የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ኮከቡ እሱ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በአውሮፓ አገሮች እየተዘዋወረ በ27 ዓመቱ ወደ ኤንቢኤ ተመለሰ። ሂውስተን በ2020 ሴንተር አድርጎ አሰለፈው፤ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። የተማረው ሁለት ነገር ነው፦ ከሜዳው ጥግ ሦስት ነጥብ መወርወርና ማንንም መያዝ። የሂውስተን የአጫጭሮች ቡድን ግን በሌከርስ 4 ለ 1 እንደተሸነፈ አልደብቃችሁም። በ2025 ሻምፒዮን የሆነው ኦክላሆማ ደግሞ ከ2 ሜትር ከ13 የማያንሱ ሁለት ሰዎች ነበሩት። ረጃጅሞቹ ተመልሰው እየመጡ ነው፤ የአጭሩ ሴንተር መንገድ ከ2015 ይልቅ ዛሬ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ የኔ ፍርድ ይኸው። ልጅዎ አሁን ባለው አጨዋወት ዘንድሮ አይመረጥም ብዬ ነው የማምነው። ስሙን ለድራፍቱ ያስገባ፣ ቡድኖቹ የሚሉትን ይስማ፣ ክንዱን ያስለካ። ከዚያ ስሙን አውጥቶ ወደ ኮሌጁ ይመለስ፣ ዲግሪውን ይያዝ። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ከጥግ ይወርውር፣ ልምምድ ላይ አሠልጣኙን ለምኖ ጋርዶቹን ይያዝ። በሚቀጥለው ዓመት ኤንቢኤ እንቢ ቢል አውሮፓ ይሂድ፤ ተከር ሄዷል። ስም የማውጫውን የመጨረሻ ቀን ዛሬውኑ ከኮሌጁ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ያ ቀን ካለፈበት ቀሪውን የኮሌጅ ዓመቱን አደጋ ላይ ይጥላል።