ተማሪ ስፖርተኛ፦ ስያሜውና ውሉ



የቅርጫት ኳስ ከትምህርት ቤት ግቢ የተወለደ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ብርድ ከሜዳ ላስቀራቸው ተማሪዎቹ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ሰቀለ፤ 13 ደንቦችም ጻፈ። እርሱን ብርዱ እንዳስቸገረው እኛን ቦንጋ ላይ ዝናቡ ያስቸግረናል። የካፋን ደን የሚያለመልመው ዝናብ ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ልምምድን ያስተጓጉላል፤ የተስተጓጎለውም ልምምድ የጥናትን ሰዓት ይሻማል። ከጣራው በፊት ግን ውል ያስፈልገናል።

«ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለውን ስያሜ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስፋፋው፣ የተጎዱ ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው ካሣ እንዳይጠይቁ ነበር። ማኅበሩን ለረጅም ዘመን የመሩት ዋልተር ባየርስ ይህንኑ ኋላ መስክረዋል። ስያሜው ለተቋሙ ጋሻ ሆነ፤ ተማሪው ግን ያለ ከለላ ቀረ። ይሁንና ከዚያው ማኅበር የምንማረው ደንብ አለ፤ በውድድር ወቅት የስፖርት ሥራ በሳምንት ከ20፣ በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል።

በመምህርነት ዘመኔ ጉልበቱ ተጎድቶ ሜዳውንም ትምህርቱንም ያጣ ተማሪ አይቻለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የልምምድ ሰዓት በጽሑፍ ይገደብ። በውድድር ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ ደጅ ሳይጠና ምትክ ፈተና ያግኝ። የተጎዳ ተጫዋች ሕክምናም የተጫወተለት ተቋም ዕዳ ይሁን።

እናንተ ተጫዋቾች ሆይ፣ ከክፍል ቅሩ ስትባሉ ደንብ ጠቅሳችሁ እምቢ የምትሉበት ቀን እንዲመጣ ውሉን ከእኛ ጋር ጻፉ።