የድመት ዓይንና የጎተራ እህል



ዛሬ የምናገረው ስለ ድመት ዓይን ነው ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እኔ ራሴ የሰብል ሰው ነኝ፤ በእርሻ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ድመት ያስተማረኝ የለም። ነገር ግን እህሉ ከአውድማ ገብቶ ጎተራው ከተመረገ በኋላ ሌሊቱን ከአይጥ የሚጠብቅልን ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ድመቲቱ ዓይኗን ስትታመም አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ሲበዛ መርዝ ይገዛል፤ መርዙም ለልጅና ለዶሮ አደጋ ነው። መርዝ የቀመሰውን አይጥ የበላችው ድመት ራሷም ልትሞት ትችላለች።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው የመኸር ወቅት የገብስ ጎተራ ለማየት ወደ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ድመቲቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና ምድጃ አጠገብ ተኝታለች። «እማማ፣ ምን ሆነች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምች ነው ልጄ፤ ትንባሆ እያኘክን እንትፍ እያልንባት ነው» አሉኝ። እኔም ነገሩን ችላ ብዬ ጎተራውን ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ከ2 ሳምንት በኋላ ስሄድ አይጥ ጎተራውን በስቶ ገብሱ በመሬት ላይ ፈስሷል። ያን ጊዜ ከእንስሳት ጤና ረዳቱ ጋር ሆነን የድመቲቱን የዓይን ቆብ ገልጠን ብናይ፣ ከገብስ ዛላ የሚረግፈው ሹል ጢም ከውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ጢሙ በአንድ አፍታ ወጣ፤ ዓይኗ ግን ነጭ ጠባሳ ይዞ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ቆቡን ገልጬ ባይ ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ እንደ ነበር አስባለሁ።

ስለዚህ በቅድሚያ ይህን አስተውሉ። የታመመው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ በተለይም በውቂያ ጊዜ፣ መጀመሪያ ገለባ፣ እሾህ ወይም የጥፍር ቁስል ፈልጉ። ድመት እንደ እኛ ሁለት ቆብ ብቻ ሳይሆን በአፍንጫዋ በኩል ሦስተኛ ስስ ቆብ አላት፤ ጢሙም የሚደበቀው ብዙ ጊዜ ከዚያ ሥር ነው። ሁለቱም ዓይኖች የሚያለቅሱ፣ ዓይናር የሚይዙና ድመቲቱም የምታስነጥስ ከሆነ ግን ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ጠርጥሩ። ሦስተኛው ቆብ በሁለቱም ዓይኖች ላይ ወጥቶ ቢታይ ሕመሙ ከዓይን ሳይሆን ከሰውነት ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም የሆድ ትል፣ ተቅማጥ ወይም የውኃ እጥረት ነው።

ትንባሆ፣ ጨው በዱቄቱ፣ የቁልቋል ወተት፣ እነዚህን በድመትም በበሬም ዓይን አትጨምሩ። የቁልቋል ወተት ጤነኛውን ዓይን እንኳ የሚያቃጥል ነው። ንጹሕ ውኃ 1 ሊትር አፍልታችሁ፣ 9 ግራም ጨው፣ ማለት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምራችሁ አቀዝቅዙ፤ በንጹሕ ጨርቅም ዓይናሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጨርቅ ያዙ። ግልገሎች ዓይናቸውን የሚገልጡት ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ገና ሳይገለጥ ቆቡ ካበጠ ከሥሩ መግል ይዟልና ለብ ባለው በዚሁ ውኃ እያራሳችሁ ቶሎ ለባለሙያ አሳዩ። በምላጭ መክፈት ክልክል ነው።

ለልጃችሁ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን የዓይን ቅባት ለድመቲቱ አትቀቡ። አንዳንዱ የድመት ዓይን ሕመም ቅባቱ ብቻ አይበቃውም፤ ለ4 ሳምንት ያህል የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ደግሞም እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ የቆሰለን ዓይን ያባብሰዋል። ትራኮማ ከድመት ይይዘናል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ትራኮማ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። ሆኖም ድመቲቱን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ስለ ምግቧ ልናገር፤ በዚህ ነገር ከብዙ ሰው ጋር እከራከራለሁና። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል። የተመገበች ድመት ግን ማደኗን አትተውም። ታስራ በእንጀራና በሽሮ ብቻ የምትኖር ድመት ከጊዜ በኋላ ልትታወር ትችላለች። ለዓይኗ የሚያስፈልገው ታውሪን የተባለው ነገር ከሥጋ የሚገኝ ሲሆን፣ የድመት ሰውነት በበቂ ሊሠራው አይችልም፤ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 በምርምር ታውቋል። በዚህ ምክንያት የጠፋ ብርሃን አይመለስም። አይጥ የምታድን ድመት ከአይጡ ታገኘዋለች፤ የማታድነዋ ግን ልብ ወይም ሌላ የሥጋ ትርፍራፊ ከነመረቁ ይሰጣት። የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን አያሳውራትም፤ ለወራት ሥጋ ማጣት ነው የሚጎዳት።

የማየቷን ነገር ለመፈተን ጥቂት ጥጥ ከፊቷ ጣሉ፤ ጥጥ ድምፅ የለውምና የምታይ ከሆነች በዓይኗ ትከተለዋለች። በቀን ብርሃን ብሌኗ እንደ ስንጥቅ መጥበብ ይገባዋል፤ ሰፍቶ ከቀረ ችግር አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ብሌኗ የሰፋ፣ አፏ ለሃጭ የያዘ፣ ጠባይዋም ድንገት ተለውጦ ሰው የምትቧጭርና የምትነክስ ድመት ካያችሁ የዓይን ሕመም ነው ብላችሁ አትያዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሌላዋን ድመት ግን በአሮጌ ጋቢ እስከ አንገቷ ጠቅልላችሁ፣ ክዳን ባለው ቅርጫት አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ አምጧት። የእማማ ድመት ባንድ ዓይኗ ቢሆንም አሁን ታድናለች፤ የዘንድሮውን ጎተራም እኔና እርሳቸው አብረን መርገነዋል።