የሃይማኖት በዓላትና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መዘጋት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት በሃይማኖት በዓል ቀን ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚል ነው። ብዙዎቻችን በዓል ሲደርስ ዕረፍቱን በደስታ እንቀበለዋለን እንጂ ለምን ተዘጋ ብለን አንጠይቅም። ይሁን እንጂ ጥያቄው መምህሩን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ የማን በዓል ይከበራል፣ የማን ልጅ በበዓሉ ቀን ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፣ ያመለጠውስ ትምህርት በማን ጊዜ ይካካሳል የሚሉት ጉዳዮች በመጨረሻ የሚፈጸሙት በእኛ የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ነውና።

አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት። ዘመናዊ ትምህርት በሀገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። የትምህርት ቤቱ የዓመት ሂደትም እንደ መላው የመንግሥት ሥራ የተቀረጸው በቤተ ክርስቲያን የበዓል ሥርዓት ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የሀገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ስለነበረ፣ በሕግ ሥራ የሚቋረጥባቸው የሃይማኖት በዓላት የክርስቲያኑ ብቻ ነበሩ። የሙስሊሙ ልጅ በዒድ ቀን ከትምህርት ገበታው እንዲገኝ ይጠበቅበት ነበር፤ ካልተገኘም ቀሪ ነው።

ይህ ሁኔታ ሳይጠየቅ አልቀረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው የሆኑ ክርስቲያኖች በከፍተኛ ቍጥር አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ የሚለው ነበር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን ዐዋጅ ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አልአድሐንና መውሊድን ከልደት፣ ከጥምቀት፣ ከስቅለት፣ ከትንሣኤና ከመስቀል ጋር አንድ ረድፍ ላይ አኖራቸው። እነሆ ዛሬም በመላ ሀገሪቱ ሥራ የሚዘጋባቸው የሃይማኖት በዓላት ስምንት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ትንሣኤ ምንጊዜም እሑድ ስለሚውል፣ መደበኛ የትምህርት ቀን ሊነኩ የሚችሉት በአብዛኛው ከሰባት አይበልጡም።

እዚህ ላይ አንድ መጠይቅ ይነሣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ታዲያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሃይማኖት በዓል በሩን ሲዘጋ ሕጉን አልጣሰምን? ባይዘጋስ በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የተረጋገጠውን የእምነት ነጻነት አይጋፋምን?

ይህን መጠይቅ ሌሎች ሀገሮችም በየመንገዳቸው ተጋፍጠውታል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት የስቅለትን ዓርብ በሕግ የትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን አድርጎ ነበር። የፌዴራሉ 7ኛ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ሕጉን ሻረው፤ ምክንያቱም ግዛቱ ቀኑን ለመዝጋት ከእምነቱ ውጭ የሆነ በቂ ማስረጃ አላቀረበም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የ4ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከስቅለት ዓርብ እስከ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የሚያዘውን የሜሪላንድ ሕግ አጸና፤ በእነዚያ ቀናት ብዙ ተማሪና ብዙ መምህር ስለሚቀር መዝጋቱ ዓለማዊ ዓላማ አለው አለ። ሁለቱ ፍርዶች በውጤታቸው ቢለያዩም የተመዘኑበት ሚዛን ተቀራራቢ ነው። ይኸውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዓሉ እውነተኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት ቀን ማስተማር ስለማይቻል ነው።

በእኔ አስተያየት ለሀገራችንም የሚበጀው መልስ ከዚሁ ይነሣል። በጥምቀት ቀን የክርስቲያኑ፣ በዒድ ቀን የሙስሊሙ ወንበር ባዶ ነው፤ መምህሩም ከበዓል አክባሪው ሕዝብ አንዱ ነው። መንግሥት በሩን ሲዘጋ ይህን እውነታ መቀበሉ እንጂ ስለ ሃይማኖቱ መመስከሩ አይደለም።

ነገር ግን ቍጥር ብቻውን ዳኛ ከሆነ በቍጥር ያነሰው ወገን ምንጊዜም ተሸናፊ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 በበርናር ስታዚ የተመራው ኮሚሽን የአይሁድ የሥርየት ቀን ዮም ኪፑርና ዒድ አልአድሐ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ የዕረፍት ቀን ይሁኑ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ግን አልተቀበሉትም፤ የሚያከብሩት ልጆች በፈቃድ መቅረት እንዲችሉና ፈተና እንዳይመደብባቸው ማድረግ ይበቃል የሚለውን መረጡ። ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ያሉባት የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱን ዒዶች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ የግዛቱ ሕግ ደግሞ የሂንዱዎችን ዲዋሊ በመዝጊያ ቀኖቿ ላይ ጨመረች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነን ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ አውራጃ የተገኘው ነው። የሙስሊም ወላጆች ዒድ ከአይሁድ በዓላት እኩል ተጠርቶ በትምህርት ዘመኑ ሰሌዳ ላይ ይግባልን ብለው ጠየቁ። የትምህርት ቦርዱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የሰጠው መልስ የሁሉንም የሃይማኖት በዓላት ስም ከሰሌዳው መፋቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በገናና በአይሁድ ዐበይት በዓላት እንደ ቀድሞው መዘጋታቸውን ቀጠሉ። ስሙ ጠፋ፣ ልዩነቱ ቀረ። ለእኩልነት የቀረበን ጥያቄ በቃላት ማስተካከያ መመለስ ምን ያህል እንደማያረካ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

በሀገራችን በሕግ የታወቁት ስምንቱ በዓላት ያን ያህል አያስቸግሩም። ችግሩ የሚጀምረው ከዐዋጁ ውጭ ባሉት ቀኖች ነው። ጥምቀት በሕግ ጥር 11 ቀን ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ሦስት ቀን ያከብረዋል። ጥር 12 ቀን ታቦተ ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲመለስ ክፍሉን ሞልቶ የሚያገኝ መምህር ስንት ነው? በገጠር ደግሞ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለ ወልድ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያስቀምጣል፤ ልጁም አብሮት ይቀራል። በረመዳን ሌሊት ለሱሑር ተነሥቶ ቀኑን ጾሞ የሚውለው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ በምን ጉልበት እንደሚፈተን እናውቃለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የምሳ ዕረፍት ስለሚያደርጉ ለጁምዓ ሶላት ጊዜ ይገኛል፤ በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ይህን ሰዓት ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ችግር የቀን አቆጣጠሩ ነው። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 መሆናቸው የታወቀ ነው። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀኖች መካከል ይመላለሳል፤ ቢሆንም በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከብዙ ዓመት አስቀድሞ ይታወቃል። የእስልምናው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓላቱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳቡ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። በ2007 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር በሐምሌ፣ በክረምት ዕረፍት ውስጥ ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መካከል ዋለ። ያውም ቀኑ የሚረጋገጠው በዋዜማው ማታ ጨረቃ ስትታይ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ቀኑ የሚወሰነው የሰማይ አካላትን በሚመለከቱ ሽማግሌዎች ነው። እንግዲህ የፈተና ሰሌዳ የሚያወጣ ክፍል ይህን ሁሉ ከግምት ካላስገባ በዋዜማው ማታ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ይገደዳል።

ሦስተኛው፣ ብዙም ሳናስተውለው የምንፈጽመው በደል የማካካሻው ነገር ነው። በበዓል ያመለጠውን ትምህርት የምናካክሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ግን ሰንበትን የሚያከብሩ የአድቬንቲስት ቤተሰብ ልጆች የጸሎት ቀን ነው፤ በብዙ ቦታም የገበያ ቀን ስለሆነ የድኻው ልጅ ወላጁን የሚረዳበት ነው። ስለዚህ የብዙኃኑ በዓል ዋጋ የሚከፈለው በዚያ በዓል ድርሻ በሌለው ልጅ ይሆናል። ይህ ልጅ በራሱ በዓል ቀሪ፣ በሌላው በዓል ማካካሻ ደግሞ ዳግመኛ ቀሪ ይባላል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች የበዓላቱ ቍጥር ይጨመር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሁሉም ይቀነስ ይላሉ። ሁለቱም ሐሳቦች እስከ መጨረሻው ሊሄዱ አይችሉም። የወሩን ታቦታት ሁሉ፣ የየብሔረሰቡን በዓላት ሁሉ ብንዘጋ የትምህርት ዘመኑ ያልቃል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በቤቱ መጽሐፍና አስጠኚ በሌለው ተማሪ ላይ ነው። ሁሉንም ብንከፍት ደግሞ በዒድና በስቅለት ለባዶ ወንበር እናስተምራለን። ስለሆነም ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በሕግ የታወጁት በዓላት እንደ ተጠበቁ ሆነው፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መስከረም ሳይጠባ የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሼኮች አማክሮ በዓመቱ የሚውሉትን በዓላት የሚያሳይ ሰሌዳ ያውጣ። በጨረቃ ለሚወሰኑት በዓላት ከፊትና ከኋላ ያሉት ቀኖች ከፈተና ነጻ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በማይዘጋበት የሃይማኖት በዓል ቀን የሚቀር ተማሪ ወላጁ አስቀድሞ ካስታወቀ በመዝገብ ላይ «በፈቃድ» ተብሎ ይጻፍ፤ የውጤት ቅነሳም አይድረስበት። ይህ መብት ለመምህሩም ይሁን። ሆኖም ፈቃዱ ገደብ ይኑረው፤ አለዚያ የወሩ በዓል ሁሉ የዕረፍት ቀን ሆኖ ትምህርቱ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ማካካሻው ቅዳሜ ብቻ አይሁን። በትምህርት ቀን ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ እየጨመሩ ማካካስ ይቻላል፤ ቅዳሜ የግድ ሲሆንም አዲስ ትምህርትና ፈተና አይሰጥበት፣ የክለሳ ጊዜ ይሁን።

አራተኛ፣ በዓሉ በደረሰ ዋዜማ ተማሪዎች በነገው ቀን ትምህርት ቤታቸው ለምን እንደሚዘጋ ይነገራቸው። ይህም ስብከት አይደለም። የክርስቲያን ልጅ ዒድ ምን እንደሆነ፣ የሙስሊም ልጅ መስቀል ምን እንደሆነ ማወቁ የሥነ ዜጋ ትምህርት ነው። በቤቱ ግን ደስታውን የሚያከብረው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው፤ ትምህርት ቤት ተተክቶ ሊያከብርለት አይገባም።

እነዚህን ለመፈጸም አዲስ ዐዋጅ ወይም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አብዛኛዎቹ በርእሰ መምህሩና በመምህራኑ ስብሰባ ሊወሰኑ የሚችሉ ናቸው። የ1966ቱ ሰልፈኞች የጠየቁት የሙስሊሙ ልጅ በገዛ ሀገሩ ትምህርት ቤት እንደ እንግዳ እንዳይቈጠር ነበር። ዛሬ ያ ጥያቄ በሕግ ተመልሷል፤ በመዝገባችን ላይ ግን ለቅዳሜው ልጅ፣ ለፍቼው ልጅ፣ ለወሩ ሚካኤል ከአባቱ ጋር ለቀረው የገበሬ ልጅ ገና አልተመለሰም። ማኅበራችን በየቅርንጫፉ ይህን ጉዳይ እንዲወያይበትና በሚመጣው የትምህርት ዘመን የአንድ ዓመት ልምዱን ይዞ እንዲመለስ በትሕትና አሳስባለሁ።