ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ጥገና



ብዙዎቻችሁ ምርታችሁን ገበያ የምታደርሱት በአሮጌ የጭነት መኪና ነው። መኪናዋ ስትበላሽ «ለዛሬ ታድርሰን» ተብሎ የሚደረገው ጥገና ግን ከምርቱም አልፎ ሕይወት ያስከፍላል።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል ውሃ አትጨምሩ። ውሃ በደጋው አካባቢያችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከዚያ በላይ ይግላል። ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል፤ መኪናዋም አትቆምም። የሞተር ዘይት ደግሞ የፍሬኑን ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሻል። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ መተካትም የኤሌክትሪክ ገመዱን አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

እንዲህ የተጠገነች መኪና ባዶዋን ሜዳ ላይ ስትሞከር ደህና ትመስላለች። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ባለች መኪና ተሳፍሬ፣ ሹፌሩ ወደ ዳገት አዙሮ በመከራ አትርፎናል።

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ሞተሩ እየሠራ የፍሬኑን ፔዳል ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙ። ቀስ በቀስ እየሰመጠ ከሄደ፣ ወይም በጎማዎቹ ውስጥ በኩል የዘይት እርጥበት ካያችሁ አትጫኑ፤ መካኒክ ጥሩ። በጭነት ላይም ሰው አታሳፍሩ።

ያመለጠ ገበያ በሳምንቱ ይመለሳል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።